ደወል ቤቱን የቆለፍኩ ጊዜ

የዕድሜዬን ግማሽ ያሳለፍኩት በአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት የካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ ሰው ከወደቀ፣ መኪና ከተጋጨ፣ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ደርሶ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነበር። ጡረታ ስወጣ ከዚህ ጥያቄ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አባል ሆኜ ስመረጥ ግን ሊቀ መንበሩ የቀድሞ ሥራዬን ያውቅ ስለነበር የሕንፃና የንብረት ደኅንነት በእኔ ላይ ወደቀ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ሰው በተሰበሰበበት «እሱ የሞያው ሰው ነው» ሲባል ደስ ስላለኝ ተቀበልኩ።

በቅጥሩ ውስጥ በድንጋይ የተሠራ ደወል ቤት አለ። ወደ ላይ ለመውጣት መጀመሪያ ጠባብ የሲሚንቶ ደረጃ፣ ከዚያ ደግሞ የእንጨት መሰላል አለው። የሚደውሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፣ ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደመወዝ አይቀበሉም። በየማለዳው ከጌጃ ሰፈር በእግራቸው ይመጡና ጋቢያቸውን ደረጃው ሥር አጣጥፈው አስቀምጠው ይወጣሉ። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ደወሉን ስሰማ እነሣለሁ እንጂ ማን ምን ረግጦ እንደሚደውለው አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ማሰብ የጀመርኩት ልጃቸው ሰበካ ጉባኤው ቢሮ የመጣ ዕለት ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብየዳ ቤት ያለው፣ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚጠጋ፣ እጁ በእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ የተሞላ ሰው ነው። ቁጭ በል ስለው እምቢ ብሎ ቆሞ ተናገረ። አባቱን ስንት ጊዜ እንደለመናቸው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር ቤት እንደማያገኛቸው፣ አሁን ደግሞ በዚያ ጉልበታቸው መሰላል እየወጡ እንደሆነ ነገረኝ። አነጋገሩ ሥጋትም ንዴትም ነበረበት። የቱ እንደሚበልጥ መለየት አልቻልኩም። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞረ።

«ጋሼ፣ እኔ አባቴን አልቻልኳቸውም። እናንተ ሳትከለክሏቸው ቢወድቁ የምጠይቀው ቤተ ክርስቲያኗን ነው። ይኸው ዛሬ ነግሬዎታለሁ» አለኝ።

ካሳ ክፍል የሠራ ሰው «ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር» የሚል ቃል ያለበት ፋይል ምን ማለት እንደሆነ አስረዱኝ አይልም።

የሕንፃዎቹ ኢንሹራንስ የሚታደስበት ጊዜም ደርሶ ነበር። ከድርጅቱ የመጣው መሐንዲስ ደወል ቤቱን ከታች ሆኖ አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሣ፣ የመሰላሉን ሁለተኛ እርከን ረግጦ ሲንቋቋበት ወረደ። ምክሩ አጭር ነበር። የደወሉ ገመድ እስከ መሬት ይርዘም፣ የመሰላሉ መግቢያ በር ይቆለፍ፣ ማንም አይውጣ። ሽማግሌውን የአደጋ ኢንሹራንስ ልናስገባቸው እንችል እንደሆነ ጠየቅኩት። ዕድሜያቸውን ስነግረው እንደማይሆን ነገረኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ ለስንት ሽማግሌ የሰጠሁት መልስ ስለሆነ አልተከራከርኩም።

ገመድና ጓጉንቸር ገዛሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ወጥቶ ገመዱን ቀጠለው። እኔ መሬት ድረስ መድረሱን አየሁና በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፤ ሪፖርቱም ላይ ፈረምኩ። ለሽማግሌው ግን አልነገርኳቸውም። የልጃቸውን መምጣት እንዳያውቁ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱን ለመናገር ፊት ለፊት መንገሩን ፈርቼ ነው። ገመዱን ሲያዩ ይገባቸዋል ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ማለዳ ደወል አልተደወለም። በልማድ ነቅቼ ብጠብቅ ምንም የለም። ለባብሼ ስወርድ አንዲት ጎረቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ግቢው ውስጥ ቆማ፣ ዛሬ ቅዳሴ የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኳት።

ሽማግሌውን ደወል ቤቱ ደረጃ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገመዱ አጠገባቸው ተንጠልጥሏል፤ አልነኩትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ የተዘጋጀሁትም ለቁጣ ነበር።

«አባባ፣ ገመዱን እኮ አውርደንልዎታል። ከእንግዲህ መውጣት አያስፈልግዎትም» አልኳቸው።

«አይቼዋለሁ ልጄ። እኔ የተሳልኩት ልደውል ብቻ አይደለም። ወጥቼ ልደውል ነው» አሉኝ።

ከዚያ በዝግታ አጫወቱኝ። ልጃቸው የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ በጠና ታሞ ተስፋ የሚሰጣቸው ሰው ጠፍቶ ነበር። እዚሁ ደረጃ ሥር ቁጭ ብለው፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ጉልበቴ እስካለ ድረስ በየማለዳው ወጥቼ እደውልልሻለሁ ብለው ለእመቤታችን ተሳሉ። ልጁ ዳነ፤ እሳቸውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይወጣሉ። የንስሐ አባታቸው ጉልበታቸውን አይተው ስለቱን በሌላ ነገር ሊለውጡላቸው ፈቃደኛ ነበሩ። ገና ጉልበት አለኝ ብለው የተዉት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ይህን ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ አያውቅም አሉኝ።

«ባለ ዕዳ ነኝ እያለ እንዲያድግ አልፈለግኩም። የተነጋገርነው እኔና እሷ ነን። እሱ ምን አገባው?»

ለማንም እንዳልናገር አደራ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ቀጥለው እኔ ደወሉ ያለበት ላይኛው ክፍል ወጥቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ወጥቼ አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ በሩን ከፈትኩና ተከተልኳቸው።

መሰላሉ ላይ መያዣና መርገጫ የምፈልገው እኔ ነበርኩ። እሳቸው እጃቸው የቱን እንደሚይዝ፣ የትኛው እርከን ጎኑ እንጂ መሐሉ እንደማይረገጥ አጥርተው ያውቃሉ። ላይ ስንደርስ ከመደወላቸው በፊት እጃቸውን ደወሉ ውስጥ አስገብተው ምላሱ የተንጠለጠለበትን ጠፍር ዳበሱት። ደወሉን የተሸከመውን የእንጨት ወራጅ በጣታቸው እያንኳኩ አዳመጡ። ይህን በየማለዳው ያደርጋሉ። ጠፍሩ ሲሳሳ በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው ይለውጡታል፣ ምስጥ የጀመረውን የወራጁን ጫፍ ደግሞ ናፍጣ እየቀቡ ይዘውታል። እኔ ያስቀጠልኩት ገመድ ከታች በሰያፍ ሲጎተት ጠፍሩን ከተንጠለጠለበት ቀለበት ጋር እያፋተገ እንደሚበላው አሳዩኝ። ቁልቁል ብመለከት በበዓል ቀን እናቶች ጥላ ፍለጋ የሚቀመጡበት ቦታ በቀጥታ ከሥራችን ነው። ላይኛውን የሚያይ አንድ ሰው ነበር፣ እሱን ከልክዬ ያን የሚያህል ብረት በሰው አናት ላይ ትቼ ሄጄ ነበር። ይህንኑ ደኅንነት ብዬ ነው የፈረምኩት። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

ለጉባኤው ያየሁትን ሁሉ ነገርኩ፤ ሳልወጣ መፈረሜንም አልደበቅኩም። ገመዱ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ወራጁ በብረት እንዲተካና መያዣ ያለው የብረት መሰላል እንዲሠራ ተስማማን። ይህን አሳምሮ የሚሠራ በያጅ ማን ነው ሲባል ሁሉም የጠቆሙት የሽማግሌውን ልጅ ነበር። ማነጋገሩም የእኔ ድርሻ ሆነ።

ጠመንጃ ያዥ ሄጄ የመጣሁበትን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። አስቁሙልኝ ብዬ ለመንኳችሁ፣ እናንተ መውጫውን ሥራ ትሉኛላችሁ አለ። አባቱ ለደወል ያላቸውን ልብ ለልጃቸው ኖሯቸው እንደማያውቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ጠዋት ትምህርት ቤት እንዳላደረሱት ተናገረ። ዝም ብዬ ልሰማው ይገባኝ ነበር። አደራ ነበረብኝ። ነገር ግን እኚያ ሰው እንዲህ ሲባሉ መታገሥ አቃተኝ፣ ንዴቴ ቀደመኝ።

«የሚወጡት እኮ ለአንተ ነው» አልኩት።

ከጀመርኩ በኋላ መመለስ አልቻልኩምና ሁሉንም ነገርኩት። የብየዳ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሣው፣ እንደገና አስቀመጠው። ከዚያ የመሰላሉ ቁመት ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀኝ። አለማወቄን ስነግረው መጥቼ ራሴ እለካዋለሁ አለ።

በሁለት ሳምንት ወራጁን በብረት ተክቶ መሰላሉን ሠርቶ ተከለው። ግራና ቀኝ መያዣ አበጅቶለት፣ እርከኖቹንም ከተለመደው አቀራርቦ ለታመመ ጉልበት እንዲመች አድርጎታል። ሽማግሌው ከታች ቆመው እርከኖቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ነግሬው እንደሆነ ጠየቁኝ። መዋሸት አልቻልኩም። አደራዬን በላህ አሉኝና ወጡ። እስከ ዛሬ ሰላምታቸው አጭር ነው፣ እንደ ድሮው ልጄ አይሉኝም። ያሳዝነኛል፤ ግን ይገባኛል።

መሰላሉ በተተከለ ማግሥት ልጅየው ቢሮ መጣ። በዚህ ጊዜ ሳልጋብዘው ተቀመጠ። በእጁ ጽፎ የፈረመበት አንድ ወረቀት ሰጠኝ። አባቱ ከደወል ቤቱ ቢወድቁ ቤተ ክርስቲያኗን እንደማይጠይቅ ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ፍርድ ቤት ቢቀርብ ብዙም እንደማያስኬድ ከልምዴ ነገርኩት።

«ለፍርድ ቤት ብዬ አይደለም ጋሼ» አለኝ። «የወደቁ እንደሆነ የሚወድቁት ለእኔ ነው። ማንን እጠይቃለሁ?»

ተቀበልኩት። እንደማያስኬድ እያወቅኩ ማኅተም መታሁበት።