ሙያ የሚለው መስመር

ቅጽ እወድ ነበር። አንዳንዱ ጠጅ ይወዳል፣ አንዳንዱ ካርታ፤ እኔ ቅጽ። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ፤ ሁሉም በየመስመሩ ሲገባልኝ ምሳ የበላሁ ያህል እጠግባለሁ። ከደብረ ማርቆስ ተዛውሬ አሰላ የገባሁት በ1968 ዓ.ም. ነው። ሥራዬ የከተማውን የእጅ ባለሙያዎች በየማኅበራቸው መመዝገብ ነበር፤ ልብስ ሰፊውን ወደ ልብስ ሰፊዎች፣ ብረት ሠሪውን ወደ ብረት ሠሪዎች። ለሦስት ዓመት አንድም ቅጽ አልተበላሸብኝም። ከዚያ የውብዳር ገብረወልድ መጣች።

ግንቦት 1971 ነበር። አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ያንጠለጠለች፣ ጣቶቿ ግን እንደ መካኒክ የጠቆሩ ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ሙያዋን ስጠይቃት ስፌት አለች፤ ጻፍኩ። የጎማ ጥገና አለች፤ ቀና አልኩ። የማሾ ፋኖስና ቡታጋዝ እንደምትጠግን፣ ወጌሻም እንደሆነች ጨመረች። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ መስመሩ አንድ መሆኑን፣ ከአራቱ አንዱን እንድትመርጥ ነገርኳት።

«አቶ ደመቀ፣ እጄ አንድ ነው» አለችኝ። «የሚለያየው የሚመጣው ሰው ነው።»

ቅጹ ላይ «የሚመጣው ሰው» የሚል ቦታ አልነበረም። ተናደድኩ፤ ሄዳ አስባ እንድትመለስ አልኳት።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እስከ ሰኔ ሠላሳ በማኅበር ያልታቀፈ ባለሙያ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ የሚሠራበት የቀበሌ ቤትም ለማኅበር ይሰጣል የሚል መመሪያ ከላይ ወርዶልናል። የየውብዳር ቤት ደግሞ የሥራም የመኖሪያም ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አባቷ አቶ ገብረወልድ ይተኛሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ እግራቸው ከአልጋ አይወርድም። ቤቱን ብታጣ እኚህን ሽማግሌ ይዛ የምትገባበት የላትም። ይህን አውቅ ነበር፤ ግን መመሪያ መመሪያ ነው እል ነበር ያኔ።

አራቱን ሙያ እንዴት እንደያዘች ኋላ ነው የነገረችኝ። አባቷ ከጣሊያን ጋራዥ የወጡ ጎሚስታ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም ገና ልጅ ሆና ጎማ መለጠፉን ተረከበች። ጎማ ሊያስለጥፉ የሚመጡት ሹፌሮች የተሰበረ ፋኖስና የማይነድ ቡታጋዝ ይዘው ይመጡ ስለነበር፣ እሱንም ፈታ ማየት ጀመረች። የስፌት መኪናዋን ያገኘችው አንድ ሰው አልሠራ ብሎት ሲጥለው ነው። አስተካከለችው፤ ከተስተካከለ በኋላ ምን እንደምታደርገው ጨነቃትና ስፌት ተማረች። ወጌሻነቱን የሰጠቻት በዲክሲስ መንገድ የምትኖር ከዲጃ የምትባል ሴት ናት። ከዲጃ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ የየውብዳር ደጃፍ ላይ አረፍ ትላለች፤ የወለቀ ክንድ ያለው ሰው እዚያው ይከተላታል። የውብዳር በሽተኛውን ደግፋ ትይዝ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትይዝ ኖራ፣ አንድ ቀን ከዲጃ «በይ አንቺ መልሺው» አለቻት።

ከሳምንት በኋላ ቢሮ ተመልሳ መጣች። ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ሄዳ ነበር፤ የጎማ መንከሪያውን ገንዳ ከቤትሽ ካወጣሽ እንቀበልሻለን አሏት። ብረት ሠሪዎቹ ደግሞ መርፌ ይዘሽ እኛ ጋ ምን ትሠሪያለሽ ብለው ሳቁባት። እኔም የበኩሌን አከልኩ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ወይዘሮ የውብዳር።»

«እኔ መች ዛፍ ወጣሁ?» አለች በረጋ ድምፅ። «ከታች ቆሜ የወደቀውን ነው የማነሳው።»

ማኅተም የማደርግ መስዬ አቀረቀርኩ።

በዚያው ሳምንት እኔው ወደቅሁ። ከቢሯችን ወደ ገበያው የሚወርደው መንገድ ዝናብ ሲመታው ሳሙና ነው። ብስክሌቴ አዳለጠኝና ከጋሪ ጋር ተጋጨሁ፤ የፊት ጎማው ተነፈሰ፣ ሱሪዬ ከጉልበት እስከ ጭን ተቀደደ፣ የቀኝ እጄ አንጓ ወለቀ። ሰዎች አነሱኝ። ወዴት ልውሰድህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔንም ብስክሌቱንም ተሸክመው ቀጥ ብለው የውብዳር ቤት አስገቡን።

እጄን ያዘችና ቅጹ ላይ የእናት ስም ለምን እንደሌለ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል፤ ማስረዳት ጀመርኩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ሳበችው። ጩኸቴን ገበያው ሁሉ ሰምቶታል ይባላል፤ አንጓዬ ግን ቦታው ገባ። ከዚያ የአባቷን ጋቢ አልብሳኝ ሱሪዬን ወሰደችና ሰፋችው። እሱን እንደጨረሰች የብስክሌቱን የውስጥ ጎማ ገንዳው ውስጥ ነክራ አረፋው የሚወጣበትን ፈለገች። ቡታጋዝ የታቀፈች ሴት ደጃፉ ላይ ተራ ትጠብቃለች። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ደብረ ማርቆስ ብሆን ሦስት ቤት እዞር ነበር፣ ያውም ያለ ሱሪ። በጋቢ ተጠቅልዬ እንደተቀመጥኩ አፈርኩ። ይህን ቤት ልዘጋ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አሥር ሰው ከተገኘ «የጥገና አገልግሎት» በሚል አዲስ ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል የሚናገር አንቀጽ አለ፤ ሥራው በእጅ መሆኑን እንጂ ምን መሆኑን አይጠይቅም። ለየውብዳር ነገርኳትና ሰው መፈለግ ጀመረች። ያገኘቻቸው ከየማኅበሩ የተረፉትን ነው፦ ጃንጥላ ጠጋኝ፣ ቁልፍ ሠሪ፣ የተበሳ ድስት የሚበይድ፣ ዲሪባ የሚባል ከሲሬ የመጣ ኮርቻ ሰፊ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን አጠገቡ ለተቀመጠው እንዲያሳይ። ዲሪባ መጀመሪያ አኮረፈ፣ የአባቴን ሙያ ለማንም አልበትንም አለ። በወሩ ግን ከበቅሎ ጋር ሲታገል የኖረው ሰውዬ ጃንጥላ እየጠገነ ያንጎራጉር ነበር።

አሥር ሞሉ። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን አሥረኛው፣ ጋሪ ጠጋኙ፣ በቆጂ እርሻ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሁለት ቀን ነው የቀረን፤ ሰው አልተገኘም። ከዲጃ ተጠይቃ፣ አጥንት ለመመለስ ወረቀት አያስፈልገኝም ብላለች። የመጨረሻው ቀን ቢሮ ብቻዬን ተቀምጬ የአባላቱን ዝርዝር ሳይ ቆየሁና በአሥረኛው ቁጥር ላይ «ወልደአማኑኤል» ብዬ ጻፍኩ። የክርስትና ስሜ ነው፤ አሰላ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ውሸት አልጻፍኩም ብዬ ራሴን አጽናናሁና ማኅተሙን መታሁ።

የምሥራች ብዬ ስነግራት እንደዚያ ትቆጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። ፊቷ ጠቆረ።

«ቤቴን በውሸት አላቆምም» አለች። «ወልደአማኑኤል ብለው ከጻፉ፣ ወልደአማኑኤል ይምጣና ይሥራ።»

ስለዚህ መጣሁ። ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከእስክሪብቶ ሌላ የያዝኩት ነገር ቢኖር ማንኪያ ነው። በመጀመሪያው ወር ሁለት የማሾ ብርጭቆ ሰበርኩ፣ የራሴን እጅጌ ከምሰፋው ጨርቅ ጋር ሰፋሁት። አቶ ገብረወልድ ከመጋረጃው ጀርባ «ጸሐፊው ዛሬ ምን ሰበረ?» እያሉ ይጠይቃሉ። የውብዳር አትስቅም፣ አትቆጣም፤ የፈታሁትን በፈታሁበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ አስደርድራ ትተወኛለች። ይሄ ቅጽ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀለለኝ። የመጀመሪያው ቡታጋዜ ሰማያዊ ነበልባል ሲያወጣ ግን እንባዬ መጣ፤ ጭሱ ነው አልኩ፣ ጭስ አልነበረም።

በኅዳር ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ። ጠዋት ቢሮ ፋይሉን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ይዞ የውብዳር ቤት ሲገባም ከኋላው ቦርሳውን ተሸክሜያለሁ። አባላቱን አንድ በአንድ እየጠራ ሥራቸውን አየ። ዲሪባ ጃንጥላውን ዘረጋለት። ከዚያ «ወልደአማኑኤል» አለ። የውብዳር ወደ እኔ አላየችም፤ ግን እጇ ስፌቱ ላይ ቆመ። ዝም ብል ቤቱ ይዘጋል፤ ብናገር ሥራዬን ላጣ፣ ልታሰርም እችላለሁ።

ቦርሳውን መሬት አስቀመጥኩና «አቤት» አልኩ።

«አንተ ጸሐፊው አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ፣ ጓድ። የክርስትና ስሜ ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ የነበረ አሮጌ ቡታጋዝ በእግሩ ገፋ አደረገልኝ። ተቀመጥኩ። ፈታሁት፣ በጨርቁ ላይ ደረደርኩት፣ የተደፈነውን ቀዳዳ በመርፌ ከፈትኩ፣ የፓምፑን ቆዳ ዘይት ቀብቼ መለስኩ። ያ የወለቀው አንጓዬ አልከዳኝም። ላምባ ሞልቼ ለኮስኩ፤ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። ከመጋረጃው ጀርባ አቶ ገብረወልድ «ምን ሰበረ?» አሉ፤ ተቆጣጣሪው ሳያስበው ሳቀ።

ሳቁ ግን አላዳነኝም። የመንግሥት ሠራተኛ አባል ስለማይሆን ስሜ ተሰረዘ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተሰጠኝና በገዛ እጄ በገዛ ፋይሌ አያያዝኩት። ለማኅበሩ ግን አሥረኛ ሰው እንዲፈልግ ተቆጣጣሪው ሦስት ወር ሰጠው። ሁለት ወር ሳይሞላ ከዲጃ በትሯን ይዛ ቢሮዬ መጣች። በክረምቱ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራለች።

«ስሜን ጻፍ፣ ልጄ» አለች። «አስተካክለህ ጻፍ፤ አሁን አነበዋለሁ።»

ቤቱ ዳነ። አቶ ገብረወልድ እዚያው አልጋቸው ላይ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ሆና፣ በሰላም አረፉ። እኔም ስሜ ቢሰረዝም ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማው ላይ መቀመጤን አልተውኩም፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ቀስ በቀስ እርስዎ መባባሉም ቀረ።

ግንቦት 1983 መንግሥት ወደቀ፤ ቢሯችንም ተዘጋ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ቅጾቼ በየጓሮው ተበትነው ባለሱቆች ስኳር ጠቀለሉባቸው። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም፤ አንድ ዛፍ ላይ ኖሬ ዛፉ የተቆረጠብኝ መሰለኝ፣ ፈራሁም። በአራተኛው ቀን ወደ የውብዳር ሄድኩ። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ማኅበሩ ሃያ ሦስት ሰው ሆኗል። በርጩማዬን ሳበችልኝና ከመሳቢያ ቅጽ አወጣች፤ እኔው ራሴ ያዘጋጀሁት፣ በኋላም የእናት ስም የጨመርኩበት ቅጽ ነው።

እንደማታውቀኝ ስሜን ጠየቀች፤ የክርስትናውንም ጨምራ ጻፈች። የእናቴን ስም ጠየቀች። ከዚያ ሙያ አለች።

«ጸሐፊ ነበርኩ» አልኩ።

ጻፈችው። ቀና አላለችም፤ እስክሪብቶውንም ከወረቀቱ አላነሳችም።

«እሺ» አለች። «ሌላስ?»