በጾም ቀን የተፈተሸው ቄራ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፣ መዋሸቴንም በጥቅሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴን ጠቅልዬ ተመልሻለሁ። አንተ የምታነበው ሰው ስለማታውቀኝ ላንተ መናገር ይቀለኛል። ይኸው፣ ገና ስጀምር የሚቀለኝን ፈለግሁ።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮንትራት ጸሐፊ ነበርሁ። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ፤ የቢሮ ደብዳቤ ሁሉ ከክብሬ በታች ይመስለኝ ነበር። አለቃዬ አቶ ሙላት የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ናቸው። ወንዝ የሚበክሉትን እንዴት እንደምንፈትሽና እንዴት እንደምንቀጣ የሚወስን ስትራቴጂ በእጃቸው አርቅቀው፣ “አማርኛህ ያምራልና አሳምረህ ጻፍልኝ” ብለው ሰጡኝ። ከረቂቁ አንዱ ዐረፍተ ነገር ዛሬም በቃሌ አለ፤ “ቄራው በእርድ ቀን፣ ሳይነገረው ይፈተሻል።”

ቄራው ከከተማው ዳር ያለ የግል ቄራ ነው። ከመጻፌ በፊት እንዳየው ብለው አንድ ሐሙስ ይዘውኝ ሄዱ፤ የናሙና ጠርሙሶቹን የያዝሁት እኔ ነኝ። ደሙ በቦይ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ከሆድ ዕቃ የወጣው ፈርስ በላዩ ይንሳፈፋል፣ ዝንቡ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። ጠርሙሱን ልሞላ ሳጎነብስ አንድ ትኩስ ነገር ጫማዬ ላይ ተደፋ። እዚያው አስመለሰኝ። አራጆቹ ሥራቸውን አቁመው ሳቁ።

“ኧረ ያዙት፣ ሊወልድ ነው!” አለ አንዱ።

“ባለቅኔው! ለፈርስ የሚሆን ግጥም የለህም?” አለ ሌላው፤ አቶ ሙላት ገጣሚ ነው ብለው ሲያስተዋውቁኝ ሰምቶ ነው።

በማግስቱ ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ ገና ይሸተኝ ነበር። “በእርድ ቀን፣ ሳይነገረው” የሚለውን ሰረዝሁት። በአባሪው የጊዜ ሠንጠረዥ ላይም “ረቡዕ ወይም ዓርብ” ብዬ ጻፍሁ። በጾም ቀን እዚያ ቤት ቢላዋ አይነሣም፤ ወለሉ ታጥቦ፣ ቦዩ ጠርቶ ነው የሚጠብቀን። ይህን የማያውቅ የደብረ ታቦር ሰው አለ? እኔ አውቅ ነበር። አውቄ ጻፍሁት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልደለለኝም። ጉቦ በልቼ ቢሆን ክፋቴ ቢያንስ ስም ይኖረው ነበር። እኔ ወንዙን የሸጥሁት አፍንጫዬን ላለማስቸገር ነው፤ ዳግመኛ እንዳይስቁብኝ ነው።

አቶ ሙላት ሠንጠረዡን አይተው ቀና አሉ። “ረቡዕ ያርዳሉ እንዴ?”

“መኪናው የሚገኘው በነዚህ ቀኖች ብቻ ነው ብለውኛል፣ ጋሼ” አልሁ።

ማንም አላለኝም። አመኑኝና፣ “ይሁን፣ ለጊዜው እንጀምርበት” ብለው ፈረሙ። ሰነዱ በስብሰባ ሲጸድቅ ለአማርኛው ተጨበጨበ። ሠንጠረዡን ያየ ሁሉ ገጹን ገልጦ አለፈ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ንጹሕ ውኃ እየቀዳን ተመለስን።

ከቄራው በታች ወይዘሮ የሺ የሚባሉ ባልቴት በዚያ ወንዝ ጎመንና ሽንኩርት ያለማሉ። ገበያተኛው ጎመናቸውን እያሸተተ ይመልስባቸው ጀመር። አንድ ቀን በጀሪካን ቀይ ውኃ ይዘው ቢሮ መጡ። አቶ ሙላት መስክ ወጥተው ነበር፤ ያገኙት እኔን ነው።

“ልጄ፣ ሰኞ ኑ። ማክሰኞም ኑ። ረቡዕማ እኔም እጠጣዋለሁ!”

ይመረመራል ብዬ ሸኘኋቸው። ውኃውን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ደፋሁት። ከዚያም ቁጭ ብዬ፣ “ውኃው በተደጋጋሚ ተፈትሾ ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ አቤቱታው መሠረተ ቢስ ነው” ስል ጻፍሁ። አቶ ሙላት ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ፈረሙበት። ደብዳቤው ቀበሌ ሲደርስ ሴትዮዋ የሰው እንጀራ የሚዘጉ ውሸታም ተባሉ። ብዙም ሳይቆዩ ጓሯቸውን ትተው ይፋግ ልጃቸው ቤት ገቡ።

አምና ለሌላ ጉዳይ ይፋግ ወርጄ ደጃፍ ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ወዲያው አወቁኝ።

“ያ ጸሐፊው ልጅ አይደለህ? ውኃውሳ እንዴት ሆነ?”

አሁን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁ።

“ጠርቷል፣ እማማ” አልሁ።

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። “እንግዲያ እኔ ነኛ የተሳሳትሁት። ዓይኔ ነው፣ እርጅና ነው። ያን ሁሉ ሰው በከንቱ አማሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ” ብለው አማተቡ።

በእኔ ኃጢአት እሳቸው ይቅርታ ለመኑ፤ እኔም ቆሜ ሰማሁ። ደህና ዋሉ ብዬ ሄድሁ። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ አምና ልጅ አልነበርሁም። ይቅር በሉኝም አልልም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት ሴት የበደልኋቸው እኔ መሆኔን ገና አያውቁም። ይፋግ ሩቅ አይደለም። በጠዋት የወጣ ሰው ቀን ሳይመሽ ይመለሳል። እኔ ግን እስካሁን አልሄድሁም።