ባዶውን የወጣ ፈረስ

እመቤት ይኸነው ጥር በገባ ቁጥር ትበግናለች። ጥር ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው፤ የአዊ ፈረሰኛ ፈረሱን ሸልሞ ኮሶበር ከተማ ይወጣል። አባቷም ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ዳሌያቸው በብረት የተያያዘ ሰው፣ ካልጋለብኩ ብለው ያምሷታል።

አቶ ይኸነው በጉግስ ነው የኖሩት። ገብስም ድንችም ዘርተዋል፤ ግን እሱን የሚያወራላቸው የለም። በንጉሡ ዘመን፣ ገና ጢማቸው ሳያቀመቅም፣ አንድ ሠርግ ላይ ጉግስ ገብተው ከኋላ የተወረወረባቸውን ዘንግ ዞር ሳይሉ በጋሻ መለሱት። ከዚያ ወዲያ በፈረሳቸው ስም አባ ውርጩ ተባሉ። ፈረሱ ሲሞት ሌላ ይገዛሉ፤ ስሙ ያው ውርጩ ነው። ዳንግላ ሲጠሯቸው፣ ጫግኒ ሲጠሯቸው፣ ሚስታቸው አራስ ቤት ተኝታ እንኳ ሄደዋል። አራስ ቤት የነበረችው ሕፃን እመቤት ናት፤ እናቷ ይህን እስክትሞት ስትነግራት ኖራለች። ሁለት የፊት ጥርሳቸውን አድማሴ የሚባል የዳንግላ ሰው በዘንግ አወለቀ። እሳቸውም ሰውየውን ለበኩር ልጃቸው የክርስትና አባት አደረጉት። ይህ የአባቷ ነገር ለእመቤት እስከ ዛሬ አልገባትም።

ከሦስት ዓመት በፊት ወደቁ። ሲጋልቡ አይደለም፣ ከፈረስ ሲወርዱ ነው፤ ይህን ለማንም እንዳትናገር አስምለዋታል። ሐኪሙ፣ ሁለተኛ ከወደቁ ከአልጋ አይነሡም አለ። እመቤት ዳንግላ ያላትን ሱቅ ለእህቷ ትታ ልታስታምማቸው መጣች።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ኮርቻውን ጎረቤት ደበቀች። እሳቸው እህል አልቀምስም ብለው ተኙ። በመጨረሻ መላ መጣላት፤ ፈረሱ ተሸልሞ ይውጣ፣ እሷ ትሳበው፣ እሳቸው በባጃጅ ከኋላ ይከተሉ። በዚህ ብልሃቷ ኮራች። ቀዩን ግላስ ስታለብስ፣ ኮርቻውን ስትጭን፣ ጋሻውን ኮርቻው ላይ ስታስር አባቷ መደብ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያኔ መጠርጠር ነበረባት።

አስፋልቱ ላይ መጀመሪያ ያገኟት ፈረሰኞች ዘለው ወረዱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«መቼ አረፉ?» አላት አንዱ።

እመቤት ክው አለች። ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጋሻው ታስሮበት፣ ሰው ሳይቀመጥበት ለለቅሶ ይወጣል። ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችው ነገር ነው፤ ዛሬ ብቻ ጠፋባት።

«አላረፉም፤ በባጃጅ እየመጡ ነው» አለች።

«የአባ ውርጩን ሬሳ በባጃጅ?» ሰውየው ተቆጣ።

ከዚያ በኋላ የሚሰማት አልነበረም። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት ሙሾ ማውረድ ጀመረች፤

አባ ውርጩ ጌታዬ ምነው ቀረህሳ፣
ፈረስህ መጣልህ ጋሻህን አንሣ።

እመቤት ፈረሱን አዙራ ወደ ኋላ ሮጠች። ባጃጁ መታጠፊያው ላይ ቆሟል። ሹፌሩ ሙእሚን እጁን ዘረጋ፤ «ሞተሩን አጥፋ አሉኝ፣ ምን ላድርግ?»

አባቷ ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ጥርሴን ያወለቀው የጫግኒ ሰው ነው እያሉ ነው» አሉ፤ «አድማሴ ቢሰማ ይናደዳል።»

«አባባ፣ ይህ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?»

«ጋሻውን ስታስሪ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን እንደሚሉልኝ ልስማ ብዬ። ደግሞስ ምን ተሳሳቱ? ፈረሱን ባዶውን ያወጣሽው አንቺ። እኔ ካልወጣሁበት ያው ለቅሶ ነው።»

እመቤት ከንዴቷ ብዛት አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «ሙእሚን፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለች። ሽማግሌውን ተጋግዘው ኮርቻው ላይ አወጧቸው። ጋሻውን ፈታ ሰጠቻቸው። «ልጓሙን ግን አልለቅም። እዚሁ ይገድሉኛል እንጂ አልለቅም።»

ሲታዩ ለቅሶው ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ እልልታው ቀለጠ። አልቃሿ በአዊኛ ረገመቻቸውና ነጠላዋን አስተካከለች።

እመቤት ቀኑን ሙሉ ፈረሱን እየሳበች ሜዳውን ዞረች። ከላይ ጭቅጭቁ አልቆመም፤ ቀርፋፋ ነሽ፣ ልጓሙን አነቅሽው፣ በግ ነው የምትጎትቺው? አንጀቷ እስኪነድ ቻለችው።

ማምሻውን ባጃጁ ዘንድ ሲደርሱ አቶ ይኸነው ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አዩና ጎንበስ አሉላት።

«እመቤቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስወርድ ያዥኝ።»