ያልነበረውስ?

አያቴ ሰው ተከሰሰ ሲባል ሁልጊዜ «ያልነበረውስ?» ይሉ ነበር። በልጅነታቸው ሮብ ገበያ አጠገብ ሰው ተገድሎ፣ ገዳዩ እስኪታወቅ አገሩ ሁሉ ለአውጫጭኝ ተቀመጠ። ጣት የተቀሰረው በቦታው ባልነበረው ታላቅ ወንድማቸው ላይ ነበር። ወንድምየው ዓባይን ተሻግሮ በዚያው ቀረ።

ባለፈው ፋሲካ፣ የምሠራበት የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ምን እንደሚያደርግ ጠየቁኝ። ብዙ ሰው የነካው ዱላ ላይ የሁሉም ዲኤንኤ ተደባልቆ እንደሚገኝ፣ እኛ መለየት ሲያቅተን ተጠርጣሪው በድብልቁ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ኮምፒውተሩ እንደሚያመዛዝንልን አስረዳኋቸው።

«ዱላው ላይ አውጫጭኝ ተቀመጠ በለኛ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ያልነበረውንስ አልነበረም ይላል?»

«ይላል፣ አባባ። ካልተለየለት ደግሞ አላውቅም ይላል።»

ለትልቅ ሰው እንደሚነሡ ከመደባቸው ብድግ አሉ።

«ያን ቀን አገር ሙሉ ሰው አላውቅም ማለት አቅቶት ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

በግድያ ተጠርጥሮ የታሰረ የአንድ ወጣት ዲኤንኤ በመግደያው ላይ በተገኘው ድብልቅ ውስጥ እንደሌለ ትናንት ኮምፒውተሩ አሳየን። ለአያቴ ልደውል ስልኬን አነሣሁ። ከፋሲካው በኋላ ማረፋቸው ትዝ ሲለኝ ስልኩን አስቀምጬ ኮምፒውተሩ ፊት ብድግ ብዬ ቆምኩ።