ከአቡጀዲው ጀርባ

ፊልም የምታሳየው መኪና ወደ መካነ ኢየሱስ የምትመጣው በበጋ ብቻ ነበር። ክረምት ከገባ ከደብረ ታቦር የሚያመጣው መንገድ ጭቃ ሆኖ ስለሚዘጋ፣ የበጋውን ፊልም እያነሣን ስንጥል እንከርማለን። የምንሰበሰበውም እኔ ቤት ነበር። ባሌ ሞቶ ሁለት ልጆች ይዤ ስለቀረሁ ጠላ እየጠመቅሁ እሸጥ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፊልም ወዳዶቹ አንድ ሁለት እያሉ ይገቡና መደቡን ይሞሉታል።

ሁሉም የሚያዩት አንድ ፊልም ነው፤ የሚያወሩት ግን ለየቅል ነው። ልብስ ሰፊው ኮት እንጂ ሰው አያይም። ሰው ሲገደል ሁላችን ስንደነግጥ እሱ፣ "ገበሩ ሐር ነው፤ ሲወድቅ ገለጥ ሲል አይቼዋለሁ" ይላል። ከስማዳ፣ ከወገዳ በኩል እህል ጭኖ የሚመጣ አንድ ገበሬ ደግሞ ዓይኑ ከስንዴው ላይ ነው። "ያን የሚያህል አዝመራ ቆሞ አንድ ጠባቂ የለውም። አገራቸው ዝንጀሮ የለም እንዴ?" ብሎ ክረምቱን ሙሉ ሲጠይቀን ከረመ። የቅኔ መምህሩ፣ ሁላችንም የኔታ የምንላቸው፣ የሚመለከቱት የሚያለቅሰውን ሰው ፊት ነበር። "ያች ሴት ባሏ ሲሞት እንባዋ ቶሎ ደረቀ። እሷን ብትይዙ ነገሩ ይወጣ ነበር" ይላሉ።

አገራችን ሙግት ይወዳል። ወሬው ሞቅ ሲል አንዱ ተነሥቶ ለሟቹ ከሳሽ ይሆናል፤ ሌላው ነጠላውን አጣፍቶ ለገዳዩ ጠበቃ ይቆማል። የኔታ ዳኛ ሆነው ይሰየማሉ። "ተጠየቅ" ይባላል፤ "ማር እሰጥ"፣ "በቅሎ እሰጥ" ብለው ይወራረዳሉ። ማሩም በቅሎውም የአፍ ነው፤ የተረታው ለቤቱ ጠላ ያዛል። ምስክርም ይቆጠራል። ሁልጊዜ የሚቆጠረው ምስክር ግራዝማች ነበር።

ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን እሱ ብዬ ነው የምጽፈው። ያሳደገችኝ አገር በዚህ ትታዘበኛለች፤ ትታዘበኝ።

ግራዝማች አንደበቱ የሚጥም ሰው ነበር። ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰው ሁሉ ወደሱ ያዘነብላል። የአጥቢያው ዳኛም ያዘነበለው እንዲሁ ነው። ባሌ በሞተ በዓመቱ የባሌ የአጎት ልጅ፣ ከወንዙ ዳር ያለችውን ማሳ ሟች ድንበር ገፍቶ ነው የያዛት ብሎ ከሰሰኝ። ልጆቼ የሚበሉት ገብስና ባቄላ የሚወጣው ከዚያች ማሳ ነው። ግራዝማች ለከሳሼ ቆመና፣ "የድንበሩ ድንጋይ ሲነቀል ከአጠገቡ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ" አለ። ድንጋዩ ባሌ ሳይወለድ የተተከለ ነው። ማንም ነቅሎት አያውቅም። ቢሆንም እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ እኔ ጮኼ ተናገርሁ፤ ማሳዋ ተወሰደች።

ወንድሜ ከጋይንት ጠመንጃውን ይዞ መጣ።

"እቴ፣ አንድ ቃል በይኝና ይብቃ" አለኝ።

"ደም ከገባ የሚታደነው የኔ ልጅ ነው" አልሁት። ጥይቱን ተቀብዬ ከገብሱ ጎታ ውስጥ ቀበርሁት። እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ልጆቼ ሲያስሉ ካደሩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ በሩን ዘግቼ፣ ዘግቼዋለሁ ወይ ብዬ ተመልሼ የማይ ነኝ። ፈሪ ግን አይረሳም። ጀግናው ተኩሶ ይገላገላል፤ ፈሪ ቂሙን እንደ ሕፃን አዝሎ ይኖራል።

ይግባኝ አልሁ። እስከ ሦስተኛ ክፍል ስለተማርሁ ማመልከቻውን በራሴ እጅ ጻፍሁት። የወረዳው ዳኛ ዘመዳሞች ናችሁ ብሎ ነገሩን ለሦስት ሽማግሌዎች መራው። ከሦስቱ አንዱ የኔታ ነበሩ። ከፋሲካ በኋላ ተቀምጠው ሊያዩት፣ ግራዝማችም ቃሉን እንደገና ሊሰጥ ተቀጠረ።

እስከዚያው ድረስ ግራዝማች በየእሑዱ ቤቴ መምጣቱን አልተወም። ባባርረው ሌሎቹም ይቀራሉ፤ የልጆቼ ጉርስ ይቀራል። ስለዚህ እቀዳለታለሁ። ማሳዬን የነጠቀኝ ጉሮሮ በጠላዬ ሲርስ ቆሜ አያለሁ። "እጅሽ ይባረክ" ይለኛል። "አሜን" እላለሁ።

በዚያ በጋ የመጣችው ፊልም ሁለት ማታ ታየች። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ወንድሙን የገደለበትን ሰው ዓመት ሙሉ ሲፈልገው ቆይቶ፣ ድልድይ ላይ ያገኘውና በጩቤ ይወጋዋል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ልጅ ቋንቋውን በድምፅ ማጉያ ይተረጉምልን ነበር። ፊልሙ የሚታይበት አቡጀዲ ገበያው መሐል በሁለት ግንድ ተወጥሯል። ከፊት ከትምህርት ቤት የመጡት አግዳሚ ወንበሮች ለሹማምንቱና ለትልልቁ ሰው ናቸው፤ ከነሱ ኋላ ሌላው ወንድ ይቆማል። ሴት በጨለማ ከወንድ ተጋፍታ መቆሟ ነውር ስለሆነ፣ እኛ ልጆቻችንን ይዘን ከአቡጀዲው ጀርባ እንቀመጣለን። ብርሃኑ ጨርቁን አልፎ ስለሚመጣ ከዚያም በደንብ ይታያል።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ብቅ ሲል፣ "ያ ግራኝ ሰውዬ እንዴት አድርጎ ወጋው" አልሁት።

"የምን ግራኝ? በቀኙ ነው የወጋው።"

"በግራው ነው። በዓይኔ ነው ያየሁት።"

"እታለም፣ እኔ ስንት ዘመን እጅጌ የምሰፋ ሰው ነኝ። የቀኝና የግራ እጅጌ አታስተምሪኝ።"

ነገር ሳላጣራ ማደር አልወድም። በሁለተኛው ማታ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ዞሬ ከወንዶቹ ጥግ ቆምሁ። ሰውዬው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ጩቤውን የመዘዘው በቀኙ ነው። ሌላ ጊዜ ምንም የማይገባኝ ነገር ያን ማታ ገባኝ። ጥልፍ በጀርባው ሲታይ እንደሚገለበጥ ሁሉ፣ ፊልሙም ከአቡጀዲው ጀርባ ለሚያየው ይገለበጣል። ለልብስ ሰፊው ነገርሁት፤ ሁለታችንም ስቀን ተውነው።

እሑድ ሁሉም ሲሰበሰብ ሙግቱ ተነሣ። የስማዳው ገበሬ ከሳሽ ሆነ። "ባለባርኔጣው ሳያስጠነቅቅ ነው የመታው። ጠላቱን ስሙን ጠርቶ፣ ዙር ብሎ መምታት ነበረበት። ይህ ደም መመለስ ሳይሆን ሽፍትነት ነው" አለ።

"ወንድምህን የገደለብህን ሰው ደኅና ዋልህ ወይ ብለህ ትወጋዋለህ?" አለ ልብስ ሰፊው። "ደግሞ ያ ኮት እጅ አያሠራም፤ ብብቱ ጠባብ ነው። ፋታ ቢሰጠው ይቀደም ነበር።"

"ኮቱን ተወውና ወደ ነገሩ" አሉ የኔታ። "ያየ ምስክር አለ?"

ግራዝማች ተነሣ። በርኖሱን አስተካከለ። "ያየሁትን አላየሁም፣ ያላየሁትን አየሁ ብል ልጅ አይውጣልኝ" ብሎ ጀመረ። ድልድዩን፣ ከሥሩ የሚሄደውን ውኃ፣ የሟቹን አወዳደቅ አንድ በአንድ ተረከው። እውነት ለመናገር አተራረኩ ከፊልሙ ይበልጥ ነበር።

የኔታ በማንኛውም የደም ነገር ምስክር እንደሚጠየቀው ጠየቁት። "ጩቤውን የያዘው በየትኛው እጁ ነው?"

"በግራው፣ የኔታ።"

ልብስ ሰፊው አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥሁት። ማሰሮዬን ይዤ ወደ ግራዝማች ሄድሁ።

"ግራዝማች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የት ሆነው ነው ያዩት? እኛ ሴቶቹ ደኅና አልታየንም።"

"ከፊት ነዋ። ከዳኛው ጎን። ጉልበቴ ጉልበቱን ሊነካው ምንም አልቀረው።"

"እንግዲያ በደንብ አይተዋል።"

"አንቺን እንደማይሽ።"

"በግራው መሆኑንም፣ እርስዎ ከፊት መቀመጥዎንም ይምሉበታል?"

"ሴትዮዋ ጠበቃ ሆነች እንዴ?" አለ፤ ቤቱ ሳቀ። እሱም በሳቁ ደስ አለው። "እምላለሁ እንጂ። ውጭ የታሰረችውን በቅሎ እሰጥ። አንቺስ ምን ትሰጫለሽ?"

"የምሰጠው የለኝም። የነበረኝን ማሳ ያውቁታል።"

ሳቁ ቆመ። የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ዋንጫውን እስከ አፉ ሞላሁለት። እስኪጎነጭ ድረስም ጠበቅሁ፤ ያን ያህል ጊዜ ጠብቄ አንድ ጉንጭ መታገሥ አያቅተኝም።

"ቀኝ ነው" አለ ልብስ ሰፊው።

"እኔም በቀኙ ነው ያየሁት" አለ ገበሬው።

"ዓይናችሁን ሞራ ይዞት ይሆናል" አለ ግራዝማች።

"የኔንም ይዞታል ማለት ነው" አሉ የኔታ። "ሁለቱንም ማታ ከዳኛው ጎን የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። በቀኙ ነው የወጋው። እርስዎንም በዚያ አላየሁዎትም።"

ያኔ ተናገርሁ። ድምፄን እንደሱ ዝቅ አደረግሁት። "ግራዝማች ስለ እጁ አልዋሹም፣ የኔታ። ግራ ነው ያዩት። እኛም ሴቶቹ ሁላችን ግራ ነው ያየን። ከአቡጀዲው ጀርባ የተቀመጠ ሁሉ የሚያየው ግራ ነው፤ ጨርቁ ይገለብጠዋል። እኔ ዞሬ ሁለቱንም አይቻለሁ።"

ገበሬው ጭኑን መታ። "ለካ ከሴቶቹ በስተኋላ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የታሰረችው በቅሎ የእርስዎ ናት። እኔ ደግሞ ሙሽራ ይዛ የመጣች መስሎኝ ነበር።"

"እንዝርትዎን ይዘው ነበር ግራዝማች?" አለ ልብስ ሰፊው። "ወይስ እነሱ አዋሱዎት?"

"ከአርብ ገበያ ስመጣ አርፍጄ ነው" አለ ግራዝማች። ጆሮው ቀልቶ ነበር። "ወንበሩ ሞልቶ ነበር። እኔ ከወጠጤ ኋላ አልቆምም።"

የኔታ አልሳቁም። "ማርፈድ ነውር የለውም። ታዲያ ከፊት ነበርሁ ብለው ለምን ማሉ?"

"የኔታ ደግሞ። ጨዋታ አይደለም እንዴ?"

"ጨዋታ ነው" አሉ የኔታ። "ለጨዋታ የማለ ሰው ለቁም ነገር እንዴት እንደሚምል እያሰብሁ ነው።"

ግራዝማች ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ። የኔታ በሩን እያዩ፣ "ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም" አሉ። እኔ ዋንጫውን አንሥቼ የቀረውን ጠላ ከደጅ ደፋሁት። ከዚያ በኋላ በዚያ ዋንጫ ለማንም አልቀዳሁበትም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ስለነበር ሰው እንደ ገበያ ቀን ሞልቷል። ግራዝማች ቆመና ያንኑ ቃል፣ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ የሚለውን ደገመ። የኔታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት።

"ከፊት ሆነው ነው ያዩት ወይስ ከጀርባ?"

ሰው በሙሉ ሳቀ። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ግራዝማች ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ አላልቅ አለው። በመጨረሻ፣ "እኔ ስለ ድንጋዩ የተባለውን ሰምቼ ነው" አለ። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደረገው ለማማር አልነበረም። የባሌ የአጎት ልጅ ሌላ ምስክር ቁጠር ቢባል የሚቆጥረው አጣ። ማሳዋ ተመለሰችልኝ። በዚያው ዓመት ገብስ ዘራሁባት።

ልብስ ሰፊው፣ "እታለም፣ በቅሎዋን መቼ ነው የምትረከቢው?" እያለ ይቀልድ ነበር። አልጠየቅሁም። ብረከባት አንድ ቀን ትሞትብኛለች። እሱ ዘንድ ብትሆን በተቀመጠባት ቁጥር የማን እንደሆነች ያስታውሳል።

የንስሐ አባቴ ይቅር በይው ይሉኛል። እሺ አባቴ እላለሁ፤ እጃቸውን ስሜ እወጣለሁ። ማሳዋ ከተመለሰች ከእንግዲህ ምን ቀረሽ የሚሉኝም አሉ። የቀረኝ ያ ያለማሳ ያለፈው ጊዜ ነው። ልጆቼ እየተራቡ ጠግበናል ያሉኝ ማታ አለ። እሱን የሚመልስ ሽማግሌ የለም።

በሚቀጥለው በጋ መኪናዋ መጣች። እኔ ቤት ካለኝ አጎዛ ንጹሑን መርጬ ወሰድሁና ከአቡጀዲው ጀርባ፣ ከሴቶቹ መሐል አነጠፍሁት። ሳይጨልም ግራዝማች በበቅሎው ሲያልፍ ከመንገዱ ወጥቼ እጅ ነሣሁት።

"ግራዝማች፣ ወንበሩ ቢሞላ እንኳ አይቸገሩ። ቦታ ይዤልዎታለሁ።"

በቅሎዋን አዞረና ሄደ። ያን ያህል ፊልም የሚወድ ሰው ከዚያ ወዲህ አንድም ፊልም አላየም። እኔ ግን መኪናዋ በመጣች ቁጥር አጎዛውን ይዤ እሄዳለሁ፤ አራግፌ አነጥፈዋለሁ። ቦታው ቢጠብም ሴቶቹ አይቀመጡበትም ነበር። ሕፃን ዳዴ እያለ ሲደርስበት ብድግ ያደርጉታል፤ "ተው፣ የግራዝማች ነው" ይሉታል።