ዘይነባ ዐሥራ አምስት የሞላት ቀን

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ እኛ አቃቂ ሰፈር ልደት የሚከበረው መኪና ያለው ሰው ቤት ብቻ ይመስለን ነበር። ጎረቤቴና የክፍል ጓደኛዬ ዘይነባ ሰኔ ላይ ዐሥራ አምስት ሲሞላት ግን እንዲሁ አልሸኛትም አልኩ። የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩት አባቷ ሥራቸው ወደ ኮምቦልቻ ተዛውሮ፣ ቤተሰቡ እሁድ ጠዋት ጓዙን ጭኖ ሊሄድ ነው። የቀረችን ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

ከጓደኛችን ከአልማዝ ጋር ሆነን ተሰናዳን። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበርና ከየቤታችን አንድ አንድ ማንኪያ ሰርቀን ሎሚ ጨመቅንበት። የአሮጌ ደብተር ወረቀት በቀይ ቀለም ነክረን፣ በሊጥ እያጣበቅን ሰንሰለት ሠራን። እማዬ ድፎ ጋገረችልን፤ ቤቱን የኮባ ሽታ ሞላው። ያለችንን አንዲት ሻማ መሃሉ ላይ ተከልናት።

ግብዣውን ለስድስት ሰዓት ቀጠርኩ። ረመዳን መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ዘይነባ እስከ አምና ድረስ እንደ ልጅ ግማሽ ቀን ነበር የምትጾመው፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን እኛ ቤት ሮጣ መጥታ ትበላ ነበር። ዘንድሮም እንደዚያው መስሎኝ።

መጣች። ሰንሰለቱንና ድፎውን አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ዘንድሮ እኮ ሙሉ ቀን ነው የምጾመው" አለች ቀስ ብላ። "እናንተ ብሉ፣ እኔ አያችኋለሁ።"

አልማዝ ወደ ድፎው የላከችውን እጇን መለሰች። "አንቺ፣ ዐሥራ አምስት ሲሞላሽ ቀጥታ አሮጊት ሆንሽ? በይ እንግዲህ፣ አብረን እንራባለን!"

እኔን ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይባስ ብለው እናቷ እትዬ ፋጡማ ከአጥር ማዶ ተጣሩ፤ ዕቃ ማሰር ነበረባት። ያቺው አንዲት ቀን ከእጃችን ልታመልጥ ነው።

ተከትለናት ሄድን። ሰንሰለቱን አንገታችን ላይ አጥልቀን ድስቱን በጆንያ ከተትን፣ ፍራሹን ጠቀለልን፤ ገመድ ሲተርፈን ዘለልንበት። እትዬ ፋጡማ "እናንተ ልጆች፣ ጓዝ ነው የምታስሩት ወይስ ሙሽራ ነው የምትሸኙት?" እያሉ ይስቁብን ነበር። የእኔ ሆድ ይጮኻል፤ ዘይነባ ትንከተከታለች።

አዛን ሲሰማ እማዬ ድፎውን ይዛ መጣች። ዘይነባ በቴምር አፈጠረች፣ ሻማውን እፍ አለች፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ ግን እኔን አጎረሰችኝ። የታሰረው ጓዝ ላይ ተደርድረን ድፎውን ጨረስነው።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ልደት በአዳራሽ ነው። ኬኩ በስልክ ይታዘዛል፣ ዘፈን አለ፣ ፎቶ አለ። ያምራል፤ እኔም አጨበጭባለሁ። ሲለያዩ ግን ሳይተቃቀፉ ነው የሚሄዱት፤ ምን ቸገራቸው፣ ማታውኑ በስልክ ይገናኛሉ። እኛ ያን ሁሉ ዕቃ ስናስር አድራሻ መለዋወጥ እንኳ ትዝ አላለንም። ዘይነባ የት እንዳለች አላውቅም። ሰኔ በመጣ ቁጥር ግን በልቤ አንድ ዓመት እጨምርላታለሁ።