የሴት ልጅ ክርስትና እስኪደርስ

እታለም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቡሬ እናቷ ቤት መጣች። በእኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው የእናት ቤት ነው። የባሏ ሥራ ሩቅ አገር ነው፤ እሷም ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። እኔ ታናሿ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ አራስ ብቻዋን አትተውምና ጠባቂዋ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን የማስቀምጠው ለአራስ ከተጋረደው መጋረጃ ውስጥ፣ አልጋዋ ሥር ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሕይወቴ ሁሉ ደስ ያለኝ ጊዜ ያ ነው። ለዚህም ይሆናል ሳስታውሰው ሆዴ የሚባባው።

ከጤና ጣቢያ ይዘናቸው ስንገባ ጎረቤቶቻችን እልል አሉ። ለሴት ልጅ የሚባለው እልልታ ለወንድ ከሚባለው ያንሳል። እታለም ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆም ብላ፣

«አለቀ እንዴ?» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ፣ «አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው እናሟላልሻለን» አለቻት።

እታለም የምታጠናው ነቀዝ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። እኔም ስቄባት አውቃለሁ፤ «ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ ነቀዝ?» ብዬ። ግን በቆሎ በሚበቅልበት አገር ነቀዝ ቀልድ አይደለም። ሽንዲ አካባቢ እየሄደች፣ ገበሬዎቹ በቆሎውን ጎተራና ጎታ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ምን ያህሉ እንደሚበላ ሁለት ዓመት ስትከታተል ቆየች። አብሯት የሚሠራ አንድ መምህር አለ። እሱ ደጅ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አባወራውን ይጠይቃል፤ አባወራውም ሚስቱን ይጠራና «ነቀዝ ገብቷል እንዴ?» ይላታል። እሷም «ኧረ ምንም የለ» ትላለች። ነቀዝ ገባብኝ ማለት ባልትና የለኝም ማለት ነውና በባል ፊት፣ በእንግዳ ፊት አይወራም። እታለም ይህን የምታውቀው የእማዬ ልጅ ስለሆነች ነው። ስለዚህ ጓዳ ትገባለች፤ ጎታው አጠገብ ከሴትዮዋ ጋር ቁጭ ትልና ስለ ልጅ፣ ስለ ወገብ ሕመም ሲያወሩ ይቆያሉ። በኋላ ሴትዮዋ ራሷ ተነሥታ የጎታውን ክዳን ትከፍትላታለች። እታለም እንዲህ እያለች ስትነግረኝ ጥናት ማለት ሰው ክዳኑን እስኪከፍትልህ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር።

ሥራው አልቆ የቀረው በዩኒቨርሲቲው የምርምር ጉባኤ ላይ መቅረቡ ብቻ ነበር። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ጥናት ቀጥሎ ብዙ ወረዳ የሚያዳርስ ትልቅ ሥራ ይመጣል፤ የሚመራውም ጉባኤው ላይ ቆሞ ያስረዳው ሰው ነው። እታለም ይህን ሥራ እንዴት እንደምትፈልገው ልነግራችሁ አልችልም። በክፍላቸው ያሉት ሴት መምህራን እሷና አንዲት ሌላ ብቻ ናቸው። «የምርምር ቡድን የሚዋቀረው የት መሰለሽ?» ትለኛለች፤ «ማታ ማታ ቁርጥ ቤት ነው። እኔ ጠዋት ስገባ ተዋቅሮ ይጠብቀኛል።» ይህኛው ግን ከመነሻው የራሷ ሐሳብ ነበር።

ችግሩ ቀኑ ነበር። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ እስከዚያ እናቲቱ አራስ ናት፣ ከቤት አትወጣም። ጉባኤው የሚውለው ደግሞ ከአርባው በኋላ፣ ከሰማንያው በፊት ነበር።

«ወንድ ቢሆን ደርሰሽ ነበር» አለች እማዬ፣ ገንፎውን እያማሰለች።

«ገና ሳትጠመቅ አርባ ቀን ወሰደችብኝ» አለች እታለምም፣ የልጅቷን ጣት እየሳመች።

እንዲህ እየቀለድን ሥራው ግን አልቆመም። እታለም ታጠባለች፣ ትናገራለች፤ እኔ ኮምፒዩተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ዐረፍተ ነገሩን ለውጬ አነብላታለሁ። «ይሄ ከኔ ይሻላል፤ ተይው» ያለችኝ ቀን፣ ነገሩን ለክፍል ጓደኞቼ ሳልነግር አላደርኩም። ልጅቷ ስታለቅስ ሥራ እናቆማለን፤ ስትተኛ እንቀጥላለን። እማዬ መጋረጃውን ገልጣ፣ «እናንተ፣ ይህችን ልጅ ነቀዝ እያወራችሁ ልታሳድጓት ነው?» ትለናለች።

አንድ እሑድ የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ። እታለም ከመጋረጃው ውስጥ ሆና ጉዳዩን ነገረቻቸው። እማዬ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች፤ «አይሆንም» እንዲሏት እየጠበቀች እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

አባ ግን ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ «ቤተ ክርስቲያን አትገባም እንጂ መኪና አትሳፈርም አልተባለ» አሉ።

«አባቴ፣ አራስ እኮ ናት» አለች እማዬ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንቺስ እሷን አዝለሽ ወፍጮ ቤት አልሄድሽም? እኔው ራሴ መንገድ ላይ አግኝቼሽ የለም?»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከመጋረጃው ውስጥ የእታለም አልጋ በሳቅ ሲነቃነቅ ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ ዝግጅት ሆነ። መንገዱ ሰላም ከሆነ በዋዜማው እንሄዳለን፤ እኔ ልጅቷን አዳራሹ ደጅ ይዤ እቆያለሁ፤ እታለም ተናግራ ትወጣና ታጠባለች። እማዬ በመጨረሻ እሺ ያለችው አራስን ከክፉ መንፈስ እንዲጠብቅ ከትራሱ ሥር ያኖረችው ቢላዋ አብሮ እንዲሄድ ነው። «ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲፈትሹን ምን እንላለን?» ስላት፣ «የአራስ ነው በያቸው፤ የሰው ልጅ ከሆኑ ይገባቸዋል» አለችኝ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አላውቅም። ምን እንደምለብስ ሳስብ ሰነበትኩ።

ስልኩ የተደወለው ለአባዬ ነው።

አባዬ ደጅ ቁጭ ብለው ነበር። ስልኩን እንዳነሡ ብድግ አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የሚያከብሩት ሰው ሲደውል ቆመው ነው የሚያናግሩት። ደዋዩ የእታለም ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ዱርቤቴ አካባቢ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፣ በሠርጓ ጊዜ ቤታችን መጥቶ ያውቃል። እኔ የሰማሁት የአባዬን ብቻ ነው።

«እንዴት ሰነበቱ፣ ዶክተር። እግዜር ይመስገን፣ ማርያም ማረችልን። አዎ። አዎ፣ እውነት ነው። ኧረ እርስዎ ያሉት ይሁን። የለም፣ የለም፣ እኛ ምን ከፍቶን። እግዜር ይስጥልኝ።»

እታለም ልጅቷን አቅፋ ተኝታለች። አባዬም ተመልሰው ተቀመጡ። ወንድ በየሰዓቱ አራስ ቤት አይገባምና የነገሯት ለራት ስንሰበሰብ፣ ከመጋረጃው ውጭ ሆነው ነው።

«ሰውየው ጨዋ ነው» አሉ። «አናንገላታት፣ ጥናቱን አብሯት የሠራው ጓደኛዋ ያቀርብላታል፣ እሷ ትረፍ አለኝ።»

እታለም ከውስጥ፣ «አንቱስ ምን አሉ?» አለች።

«ምን እላለሁ? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።»

«አባዬ፣ እንደምሄድ ያውቁ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ‘አናንገላታት’ ሲለኝ ‘አትምጣ’ ማለቱ መሰለኝ። ትልቅ ሰው እንዲህ አድርጎ ነው የሚናገር። ‘የለም ትመጣለች’ ብዬ የሰው ደጅ ልግፋ?»

በማግስቱ እታለም ራሷ ለኃላፊው ደወለች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ልጅቷን ይዤላታለሁ። እኔም እንድሰማ ስልኩን ድምፁን ከፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ» አላት። ድምፁ ደግ ነው። «እኔም እኮ እናቴ አራስ ሆና ከቤት ስትወጣ አላየሁም። እንዴት ብዬ ላስቸግርሽ? አባትሽን ባማክራቸው እግዜር ይስጥልኝ አሉኝ፤ የቤተሰቡም ሐሳብ ይኸው ነው ብዬ እፎይ አልኩ።»

«ዶክተር፣ ምርምሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ አይደሉም።»

«ኧረ ማን ካደ።»

«የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል። እናቴም እሺ ብላለች።»

ቀስ ብሎ፣ «ምነው ቀድመሽ በነገርሽኝ» አላት። «መርሐ ግብሩ ታትሟል፤ የሱ ስም ወጥቷል። አሁን ሰርዤ ባስገባሽ እሱን ማዋረድ ይሆንብኛል።»

በስልክ ላቅርብ ብትለው ኔትወርኩን ማን ያምነዋል አላት። ስምሽ ይጠራል አላት። ስልኩ ሲዘጋ እታለም ልጅቷን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ አልራባትም ነበር፣ ዝም ብላ አቀፈቻት። ሁለቱም ሰዎች ክፉ አይደሉም። አንዱ የሌላውን ፊት ላለማስቀየም ሲጠነቀቅ፣ መጋረጃውን ገልጦ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ጠፋ። እኔ እስከዚያ ቀን በደል የሚሠራው በጩኸት ይመስለኝ ነበር።

የጉባኤው ዕለት ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ስብሰባው በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፈን አየን። ጓደኛዋ ሸሚዙን ከነከረባቱ አድርጎ ቆሟል። ከኋላው ግድግዳው ላይ እኔ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር መጣ፤ «ይሄ ከኔ ይሻላል» ያለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀና ብዬ እታለምን አየሁ። ከተሰብሳቢው አንዲት ሴት ተነሥታ፣ «ሴቶቹ ይህን የቤታቸውን ጉድ እንዴት ነገሯችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«በመጠይቅ ነው» አለ ጓደኛዋ።

እታለም ልጅቷን እያጠባች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል መለሰች። ጓዳ ስለ መግባት፣ ስለ ወገብ ሕመሙ፣ ስለ ክዳኑ፤ ሁሉንም በዝግታ፣ ቆማ እንደምታስረዳ ሰው አስረዳች። የሰማናት እኔና እማዬ ነን። ምስጋናው ላይ ሲደርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ስሟ ይጠራ አይጠራ ሳናውቅ ቀረን። በኋላ ጓደኛዋ፣ «አመስግኜሻለሁ፣ ከሾፌሩ ቀጥሎ» ብሎ ጻፈላት። በቅንነት ነው የጻፈው።

በዚያ ሳምንት ወተቷ ቀነሰ። እማዬ አጥሚት እያፈላች ታጠጣታለች። አንድ ቀን ከልጅቷ ፊት ላይ ዝንብ እሽ እያለች፣ «የኔ ሆድ፣ ይህችን ልጅ እንዳትጠያት» አለቻት።

«እሷ ምን አደረገች?» አለች እታለም። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

የክርስትናው ዕለት ኃላፊው መጣ፤ ለልጅቷ መታቀፊያ ይዞ። ሁሉም ተነሥቶ ተቀበለው። ትልቁ ሥራ ለጓደኛዋ መሰጠቱን ያን ጊዜ ነው የነገራት፤ «አንቺም ትገቢበታለሽ፤ መረጃ በመሰብሰብ» አላት። እታለም ጠላ ቀዳችለት። አባዬ ብርጭቋቸውን እንደያዙ፣ «ያን ዕለት ስልኩን ወደ ውስጥ ማቀበል ነበረብኝ» አሉ። ለማን እንደተናገሩት አልታወቀም፤ እሱን አላዩትም፣ እሷንም አላዩዋትም። ኃላፊው ጠላውን ጠጣና ልጅቷን መረቃት፤ «እንደ እናትሽ ሁኚ» አላት። እታለም «አሜን» ሳትል ቀረች። ሌላው ሰው ሁሉ አሜን ስላለ ኃላፊው አላስተዋለም።

ሰንበትበት ብሎ፣ እታለም ወደ ሥራዋ ልትመለስ ዕቃዋን ስታሰናዳ፣ የአባዬ ስልክ ጮኸ። አባዬ አዳመጡ። በዚህኛው ጊዜ አልቆሙም።

«ጓደኛዋ ነው» አሉን፣ ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው። «ሽንዲ ናቸው። ሴቶቹ ሁሉ ነቀዝ የለም አሏቸው። አንድ ሁለት ቀን መጥታ ታግባባልን እንደሆነ ጠይቁልን ይላል።»

«ምን ልበለው?» ብለው ወደ እታለም ዞሩ። አባዬ እንዲህ ሲጠይቋት ያየሁት ያን ቀን ነው።

እታለም የልጅቷን ልብስ ማጠፏን አላቆመችም። «የኔ ቁጥር አለው፤ ለኔ ይደውል በሉት» አለች።

አባዬ ቃል በቃል አቀበሉት። ሳያለሳልሱ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሳይሉ ዘጉት።

የእታለም ስልክ መስኮቱ ላይ ነበር። አይተነው ሥራችንን ቀጠልን። እኔ መጋረጃውን አውርጄ አጠፍኩ፤ እማዬ ቢላዋውን ወደ ማድቤት መለሰችው። ምሳ በላን። ልጅቷ ተኛች። እታለም ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ስልኩን ይዛው ወጣች፤ ስትመለስም በእጇ ነበር።

አልጮኸም።